ቲማቲሙን ያጎበጠው ቫይረስ ሳይሆን መርጫው ነው

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር፣ በሞተር ውኃ እየሳብኩ ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር ገደማ) ቲማቲም አለማለሁ። ምች እንዳይዘው ብዬ የጎረቤቴን መርጫ ተውሼ ማንኮዜብ የሚባለውን ፀረ-ፈንገስ ረጨሁ። በማግስቱ ቅጠሉ ወደ ታች ጎበጠ። ይኸው ሳምንት አለፈው፤ አዲሱ ቅጠል ቀጥኖና ረዝሞ ነው የሚወጣው። ጎረቤቴ በዚያው መርጫ የመስኖ ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ፀረ-አረም ረጭቶ ነበር፤ በውኃ አለቅልቄዋለሁ ይላል። መድኃኒት ሻጩ ቫይረስ ነው ብሎ የነጭ ዝንብ መድኃኒትና ቫይታሚን ሸጠልኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ቱ ፎር ዲ ከተክል ሆርሞን የተሠራ ስለሆነ ሰብል አይጎዳም አለኝ። በሽታው ምንድን ነው? ምን ልርጭበት? ፍሬውስ ይበላል?»

ምላሽ፦ በሽታ አይደለም። ቱ ፎር ዲ ነው፤ የገባውም በመርጫው ነው። የሚያድነው መድኃኒት የለም። ስለዚህ መጀመሪያ መርጨት ያቁሙ። ሻጩ የሰጠዎትን ሁለቱንም ማለቴ ነው።

ማሳውን ሳላይ እንዲህ ደፍሬ የምናገረው «በማግስቱ» ስላሉ ነው። ቫይረስ በማግስቱ አይታይም። ነጭ ዝንብ የሚያስተላልፈው የቲማቲም ቅጠል አጠቅላይ ቫይረስ ተክሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ሲወጣም እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ተክል እየነካ ነው፤ ማሳውን በአንድ ሌሊት አያጎብጠውም። ቅጠሉም ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ያንሳል፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆናል። የእርስዎ ግን ወደ ታች ነው የጎበጠው።

አሁን ማሳው ውስጥ ይግቡና አንድ ለጋ ቅጠል ቀንጥሰው ወደ ፀሐይ ያዙት። የቲማቲም ቅጠል ጅማቶች ከመሐል ወደ ጎን ተበታትነው እንደ መረብ ይያያዛሉ። ቱ ፎር ዲ የነካው ቅጠል ላይ ግን ጅማቶቹ ተጠጋግተው፣ ነጣ ብለው፣ ጎን ለጎን ወደ ጫፉ ይሮጣሉ። ቅጠሉ ሲዳሰስ ወፈር፣ ሻከር ይላል። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ግንዱን ከመሬት ከፍ ብሎ ባለው በኩል ይዩት። አብጦ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ነጫጭ ጉብታዎች ካወጣ፣ እነዚያ ያለቦታቸው ሊበቅሉ የሚታገሉ ሥሮች ናቸው። ይህን ቫይረስ አያደርገውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቅጠልን አቅጥኖ የሚያስረዝም ሌላ ቫይረስም አለ፤ የዱባና የኪያር ዘሮችን የሚያጠቃው ሞዛይክ ቲማቲምም ላይ ይህን መልክ ያመጣል። ስለዚህ በቅጠል መልክ ብቻ አይፍረዱ። ማሳውን በሙሉ ይዩት። መርጨት የጀመሩት ከየትኛው መደብ ነበር? መርጫው ካጠፋ፣ የመጀመሪያው ታንክ የተረጨበት ቦታ በጣም ተጎድቶ፣ ሁለተኛው ቀለል ብሎ፣ መጨረሻ ላይ የረጩት ደህና ሆኖ ያገኙታል። ምክንያቱም በየታንኩ መርጫው እየታጠበ ነው የሄደው። እየታጠበ የሄደው ደግሞ በቲማቲምዎ ላይ ነው።

አረሙንም ይዩ። መስመሩ መሐል መጭ ካለ፣ መጩም ተጠማዞ ይሆናል። አጠገቡ ያለው ሰርዶና አክርማ ደግሞ ምንም አልሆነም። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ አጎብጦ የሣር ዘርን የሚተው የቲማቲም በሽታ የለም።

ጉዳቱ በአንድ በኩል ብቻ፣ በስንዴው ድንበር በኩል ብሶ፣ ወደ ውስጥ እየቀለለ ከሄደ ነገሩ ይለያል። ያኔ ያመጣው ነፋስ ነው። ጣና ዳር ቀን ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ይገለበጣል። ስንዴው በሐይቁ በኩል፣ ቲማቲሙ ከኋላው ከሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ የተረጨ ሁሉ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው። ፍጹም ጸጥ ያለ ንጋትም አያታልላችሁ፤ ደቃቁ ጠብታ ሳይወርድ ተንሳፍፎ ቆይቶ ያልታሰበበት ቦታ ሊያርፍ ይችላል። የሚሻለው ለስለስ ያለ፣ አቅጣጫው የታወቀ፣ ከቲማቲም የሚርቅ ነፋስ ነው።

«ከተክል ሆርሞን የተሠራ ነው፣ አይጎዳም» ወደሚለው ልምጣ። ይህ አባባል ገበያውን ሞልቶታል፤ «የተፈጥሮ ነው» የተባለ ነገር ሁሉ ያለ ጓንት ይረጫል። ቱ ፎር ዲ ከተክል አልተቀመመም። ፋብሪካ የሠራው ኬሚካል ነው፤ የሚያስመስለው ግን ኦክሲን የሚባለውን የተክል የራሱን ሆርሞን ነው። ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው።

የዚህ ሆርሞን ታሪክ ከሣር ነው የሚጀምረው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው ጥናት፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ከተሸፈነ ወደ ብርሃን እንደማይዞር አሳየ። ጫፉ ላይ ወደ ታች የሚላክ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዌንት ያንን ነገር ከአጃ ቡቃያ ጫፍ ላይ እንደ ጄሊ በረጋ፣ አጋር በሚባል ነገር ቁራጭ ላይ አጠራቅሞ ያዘው። የትኛው ሴል ይርዘም፣ ሥር የት ይውጣ፣ ፍሬ መቼ ይያዝ የሚለውን በአብዛኛው የሚያዘው ይኸው ነው። ተክሉ በጣም ጥቂት ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ ይሰባብረዋል፣ ወይም ከሌላ ነገር ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል። ጤናማ ተክል ሆርሞኑን መጨመር ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም ይችላል።

ቱ ፎር ዲን ግን ማጥፋት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል ሲገኝ ተፈላጊ ያደረገውም ይህ ነው። ተክሉ «እደግ» የሚለው ትእዛዝ ሳያቋርጥ ይደርሰዋል። ግንዱ በአንድ በኩል ይረዝምና ይጠማዘዛል፤ ምግብና ውኃ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች ይጨናነቃሉ፤ ኤቲሊን የሚባለው ጋዝ ይበዛል፤ አበባው ይረግፋል። መጠኑ ከበዛ ይሞታል። እርስዎ ጋ የደረሰው ትንሽ ስለሆነ አልሞተም፤ ተጣመመ እንጂ።

ስንዴው ለምን ዳነ? የሣር ዘሮች፣ ጤፍም ዳጉሳም በቆሎም ሩዝም፣ ኬሚካሉን ቶሎ ለውጠው ጉዳት አልባ ያደርጉታል፤ እንደ ልብም በውስጣቸው አይዘዋወርም። እነሱም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይችሉትም። ስንዴ ካቆጠቆጠ በኋላ፣ አገዳ ከመያዙ በፊት ካልተረጨ ዘለላው ሊበላሽ ይችላል። ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ቦሎቄ፣ ኑግ ግን ጨርሰው አይችሉትም። ቲማቲም ደግሞ ከሁሉም ስስ ነው፤ ለስንዴ ከሚረጨው መቶኛው እጅ እንኳ ሊያጣምመው ይችላል።

ጎረቤትዎ አለቀለቅኩ ማለታቸውን አምናለሁ። ግን እስኪ እናስላው። 72 በመቶ የሆነው ቱ ፎር ዲ ለአንድ ሄክታር 1 ሊትር ገደማ ነው፤ በ200 ሊትር ውኃ ቢበጠበጥ 16 ሊትር የሚይዘው መርጫ ውስጥ 80 ሚሊ ሊትር ይገባል። ረጭተው ሲጨርሱ ታንኩ ባዶ ይመስላል። ፓምፑ፣ ቱቦውና ዘንጉ ውስጥ ግን አንድ ብርጭቆ፣ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀራል እንበል። በዚያ ላይ 16 ሊትር ማንኮዜብ ቢሞሉ ቲማቲሙ ላይ የሚያርፈው የስንዴው ብጥብጥ 80ኛ እጅ ነው። በቂ ነው፤ ከበቂም በላይ ነው።

በ4 ሊትር ውኃ ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም በቱቦው አልፎ እስኪወጣ ቢያለቀልቁት በሂሳብ ደረጃ ከዘጠኝ ሺህ አንድ እጅ ነው የሚቀረው። ይህ ለቲማቲም የሚያሰጋ አይመስልም። ሂሳቡ ግን ጎማውን አያውቅም። ቱቦው፣ ማጥበቂያ ጎማውና የፕላስቲኩ ጫረት ሁሉ ኬሚካሉን ይጠጣሉ። ናፍጣ የነበረበት ጀሪካን አሥር ጊዜ ታጥቦም ውኃ ካደረበት ይሸታል፤ ይህም እንደዚያው ነው። ሌላ መድኃኒት ሲገባበት ደግሞ፣ በተለይ ዘይትነት ያለው ከሆነ፣ ተጣብቆ የነበረውን ፈልቅቆ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ንጹሕ ውኃ ሲወጣበት ያየነው መርጫ በማግስቱ ማሳ የሚያበላሸው።

ማንኮዜቡ ጥፋት የለበትም። ምቹን ከፈሩት መርጨትዎን ይቀጥላሉ፣ ግን በሌላ መርጫ። ማንኮዜብ ያልታመመውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም፤ ስለዚህ ጠል በሚበዛበት ሰሞን ቀድሞ ነው የሚረጨው።

አሁን ማሳው ምን ይሁን? ቱ ፎር ዲ ቅጠል ውስጥ ከገባ ወደ ለጋው ጫፍ ይጓዛል፤ ከዚያ የሚያወጣው ነገር የለም። ወዲያው ረጭተው ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ቢያጥቡት ጥቂት ይረዳ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ልፋት ብቻ ነው። ቫይታሚን ተብሎ የተሸጠልዎት የቅጠል ማዳበሪያ ነው፣ ሆርሞኑን አይሽርም። ዩሪያ ጨምረው ለማስገሰገስ አይሞክሩ። ኬሚካሉ የሚጎዳው እያደገ ያለውን ክፍል ስለሆነ ተክሉን በማስሮጥ አያመልጡትም። ውኃውን ሳያበዙ፣ ሳያስጠሙ፣ በተለመደው ቀን ያጠጡ። ያ ብቻ ይበቃዋል።

ከዚያ ይጠብቁ፣ ግን በዘፈቀደ አይደለም። ከባድ ጉዳት ካለበትም ቀላል ጉዳት ካለበትም ቦታ ጥቂት ተክሎች ይምረጡና ከለጋው ጫፍ ሥር ደማቅ ክር ላላ አድርገው ይሰሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከክሩ በላይ የወጣውን ይዩ። ቅጠሉ እየሰፋ፣ ጅማቶቹ እየተበተኑ ከመጡ ተክሉ እያገገመ ነው፤ ይተዉት። ምርቱ ይዘገያል፣ ከወትሮውም ያንሳል። ከክሩ በላይ ምንም ካልወጣ፣ ወይም የወጣው ሁሉ ጠማማ ከሆነ፣ ግንዱም ከተሰነጠቀ፣ ይንቀሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያልሞተ ተክል መንቀል ያንገበግባል፤ ውኃ፣ ጉልበትና ናፍጣ እያፈሰሱ ፍሬ የማይዝ ማሳ መጠበቅ ግን የበለጠ ነው የሚያስከፍለው። በተለይ ገና አበባ ያልያዘ ከሆነ በጊዜ መተካት ይሻላል።

ለመተካት አፈሩን አይፍሩት። ቱ ፎር ዲን የአፈር ተሕዋስያን ይበሉታል፤ እርጥበትና ሙቀት ካለ በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። በመርጫ የደረሰዎትም ትንሽ ነው። አንድ ወር እርጥብ አድርገው ያቆዩት። ለማረጋገጥ ከማሳው አፈር በጣሳ ወስደው አምስት ስድስት የቦሎቄ ፍሬ ይዝሩበት። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ዘርጋ፣ ቀጥ ብለው ከወጡ ችግኝ ማዛወር ይችላሉ። መጠበቅ ካልፈለጉ በቆሎ ይዝሩ።

ስለ ፍሬው ቁርጡን ልንገርዎ። ቱ ፎር ዲ ጠርሙስ ላይ «ከተረጨ ይህን ያህል ቀን ቆይቶ ይበላል» የሚል ነገር ለቲማቲም አያገኙም፤ ለቲማቲም የተሠራ አይደለምና። መጠኑ ትንሽ መሆኑ እርግጥ ነው። ቢሆንም በተረጨበት ቀን ተክሉ ላይ የነበረውን ፍሬ ለቅመው ይቅበሩት፤ አይሽጡት፣ ለከብትም አይስጡት። ካገገመ በኋላ ከሚያወጣው አበባ የሚይዘውን ፍሬ መብላት ይችላሉ። መጀመሪያ አካባቢ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ጫፉ የሾለ፣ ዘር የሌለው ፍሬ ቢያዩ እሱም የሆርሞኑ ሥራ ነው። ያለ ዘር ፍሬ ማስያዝ ኦክሲን ድሮም የሚታወቅበት ነገር ነው። የተነቀለውን ተክል ለላም አያቅርቡ፤ የቲማቲም ቅጠል ያለ ቱ ፎር ዲም ለከብት አይመችም።

ለሰውስ? ቱ ፎር ዲ ሲነሳ በጦርነቱ ጊዜ ቬትናም ላይ የተረጨው ቅጠል አርጋፊ «ኤጀንት ኦሬንጅ» ይነሳል። እውነት ነው፣ ግማሹ ቱ ፎር ዲ ነበር። ያ ብዙ የተባለለት ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ግን የመጣው በዋናነት ከሌላኛው ግማሽ፣ ከቱ ፎር ፋይቭ ቲ ነው። ይህን የምለው ቱ ፎር ዲን ለማሞገስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብለው ከሚጠረጠሩት ጎራ መድቦታል። ከዚያ በፊት ግን ዓይንዎን ይፍሩ። አሚን የሚባለው ዓይነት፣ ሳይበጠበጥ ዓይን ውስጥ ከገባ የማይሽር ጉዳት ያደርሳል። ጠርሙሱን የሚከፍቱና የሚለኩ ሰው መነጽርና ጓንት ይኑራቸው። ባዶ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ይብሱት፤ ዘይት ወይም አረቄ መያዣ እንዳይሆን።

ወደ መርጫው ልመለስ። ለፀረ-አረም አንድ መርጫ፣ ለፀረ-ፈንገስና ለፀረ-ተባይ ሌላ መርጫ ይኑርዎት። ድርድር የለውም። የፀረ-አረሙን ታንኩንም ዘንጉንም ቀይ ቀለም ቀብተው ለብቻው ይስቀሉት። ሁለት መግዛት ከበደኝ ካሉ፣ የስንዴ ጎረቤታሞች ተዋጥታችሁ አንድ ቀይ መርጫ ለጋራ ግዙ፤ የየራሳችሁን ለአትክልት ብቻ አድርጉት። የሁለት ቃዳ ቲማቲም ምርት ከመርጫ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። መዋስም ማዋስም ይቅር። መርጫ መከልከል በሰፈር ያስቀይማል፣ አውቃለሁ፤ ያስቀይም።

እስከዚያ ግድ ሆኖብኝ ያንኑ ልጠቀም ላለ ሰው፣ እጥበቱ ይህን ይመስላል። ሦስት ጊዜ በውኃ በቱቦው አሳልፎ ማለቅለቅ። ከዚያ ለ100 እጅ ውኃ አንድ እጅ የቤት አሞኒያ ጨምሮ፣ ቱቦውም ተሞልቶ፣ ማሳደር። አሞኒያ ካልተገኘ ለብ ያለ ውኃና ኦሞ፣ ሁለት ሌሊት። አሞኒያን ከበረኪና ጋር በጭራሽ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጠርሙሱ ላይ «ኤስተር» (በዘይት የሚሟሟው ዓይነት) የሚል ካለ ውኃ ብቻውን አይሠራም፤ መጀመሪያ በነጭ ጋዝ መታጠብ አለበት። ኖዝሉና ማጣሪያው ይፈታ። ቱቦውና ጎማዎቹ ቢቀየሩ ይሻላል። ሲጨርሱ የመጨረሻውን እጣቢ ጥቂት የቦሎቄ ወይም የቲማቲም ችግኝ ላይ ይርጩና ሦስት ቀን ይጠብቁ። ከጎበጡ አልጸዳም። ይህን ሁሉ አድርገውም ዋስትና የለዎትም፤ ለዚህ ነው ሁለት መርጫ ያልኩት።

እጣቢው የት ይፍሰስ? እዚያው ስንዴው ላይ። ሐይቁ ዳር መርጫ ሲያጥብ ያየሁት ሰው ብዙ ነው። ኤስተሩ ዓሣን ይጎዳል። ቦዩ ውስጥ የፈሰሰው ደግሞ ከታች ያለው ሰው በሞተር ስቦ ቲማቲሙን ያጠጣበታል። እዚህ ጋ «ታዲያ እንቦጩን ለምን በዚሁ አናጠፋውም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። በሌላ ሀገር ተሞክሯል፣ እንቦጭንም ይገድላል። የሞተው እንቦጭ ግን ውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ያልቃል። ሰው የሚጠጣውና በመስኖ አትክልት የሚያጠጣበት ሐይቅ ላይ እኔ አልመክርም።

አሁንም ቫይረስ ነው የሚል ካለ ክርክሩን ትተው ናሙና ይውሰዱ፤ ባሕር ዳር ውስጥ የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ አለ። የተቀነጠሰ ቅጠል ይዘው አይሂዱ። ከሥሩ የተነቀለ ሙሉ ተክል፣ አንድ በጣም ከተጎዳው፣ አንድ ከመካከለኛው፣ አንድ ከጤነኛው፣ ሥሩን ከነአፈሩ በፌስታል፣ ላዩን በደረቅ ጋዜጣ ጠቅልለው ጠዋት ያድርሱ። የማንኮዜቡን ከረጢትና የጎረቤትዎን ጠርሙስ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ጎረቤትዎ ከቱ ፎር ዲ ሌላ ፓላስ የሚባለውን የስንዴ ፀረ-አረምም ረጭተው ከሆነ ይናገሩ። እሱም ቲማቲም ይጎዳል፣ መልኩ ግን ይለያል፤ አያጠማዝዝም፣ ለጋውን አቢጫጭቶ ያቀጭጨዋል።